ቁጥር የተጻፈበት በረኪና

በምሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ የጽዳት ዕቃ ግዢም እኔው ላይ ወድቋል። ሰሞኑን የያዝነው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በረኪና ነው።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልናገር። ፊቱ ላይ የክሎሪኑ መጠን «5%» ተብሎ ተጽፏል፤ የተመረተበት ቀንም አለው። የድሮው ላይ የነበረው የነጭ ሸሚዝ ሥዕል ብቻ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን እማማ ታዲያ በአፍንጫቸው ነበር የሚለኩት። «ሲስተር፣ እስኪሰነፍጥ ነው እንጂ በረኪና ምን ሒሳብ አለው?» ይሉኛል።

ሒሳብማ አለው፤ ግን አጭር ናት። ደም የፈሰሰበትን ቦታ የምናጸዳው በ0.5% ነው። ያለኝን 5 ለምፈልገው 0.5 ሳካፍል 10 ይመጣል። ከ10 ላይ አንድ እቀንሳለሁ፣ 9። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ። ባልዲያችን 10 ሊትር ስለሚይዝ 1 ሊትር በረኪና አድርገን በውሃ እንሞላዋለን። ለሌላው ወለል 0.1% ይበቃል፤ ለዚያው ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር። በየጠዋቱ አዲስ እንበርዛለን፣ የትናንቱን ደፍተን።

አሁን ቅሬታዬ። ከጀርባው «1 ለ 10 ይበርዙ» ይላል። ምን ማለት ነው? አንድ በረኪና በአሥር ውሃ ነው ወይስ ተደምሮ አሥር? እማማ እንደተጻፈው አሥር ኩባያ ውሃ ጨመሩ፤ ይህ ወደ 0.45% ያወርደዋል። ኢምንት ነው ትሉ ይሆናል። በረኪናው ራሱ የደከመ ከሆነስ?

ሁለተኛውን ጀሪካን የገዛሁት ከሱቅ ደጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ነበር። ቤት ገብቼ ቀኑን ሳየው ከተመረተ ሰባት ወር አልፎታል። ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ክሎሪኑን ይበሉታል፤ «5%» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ስመልሰው ባለሱቁ ሳቀ። «ደግሞ በረኪና ያረጃል እንዴ?» ቀይሮልኛል፣ እግዜር ይስጠው።

ክዳኑም ሲቀዱበት ያንጠባጥባል፣ መስፈሪያ የለውም። ሰማያዊ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ሳንቲም የምታክል ነጭ ነጥብ አለችበት። እማማ ኩባያቸውን በማርከር አስምረውባታል፤ ዘጠኟን ጮክ ብለው ነው የሚቆጥሩት።

እንደገና እገዛዋለሁ። ከውስጥ መደርደሪያ ከወረደ፣ ቀኑንም እዚያው ቆሜ ካየሁ።