የፊልማችንን ዘፈኖች ለመለሱልን የአሮጌ ገበያው ጋሼ፣ ከልብ እናመሰግናለን

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው፤ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር ወይም ስፒከር የተበላሸበት ሰው ካለም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም። አሮጌ ገበያ አካባቢ ጠበብ ያለች የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለቻቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ደንበኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከፊልም ነው። እኔና ባለቤቴ ኖቲንግ ሂልን ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ እንወደዋለን። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ሂው ግራንት ለንደን ውስጥ አነስተኛ የመጻሕፍት መደብር ያለው ሰው ሆኖ፣ ጁሊያ ሮበርትስ ደግሞ ዓለም የሚያውቃት የፊልም ተዋናይት ሆና ይሠሩበታል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ደግሞ አላበላሽባችሁም።

ታናሽ እህቴ ከዲላ መጥታ እኛ ጋ ስትሰነብት “ይሄን ሳታዪማ አትሄጂም” ብለን ከፈትንላት። ላፕቶፑን እንደወትሮው ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘነው። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። ተዋንያኑ ሲነጋገሩ ከሌላ ክፍል የሚያወሩ ይመስላሉ፤ የመንገዱና የገበያው ጫጫታ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ከታች ሰብታይትል ስለነበር አንድም ንግግር አላመለጣትም፣ ቀልዱንም እያነበበች ስቃለች። ፊልሙ ሲያልቅ “አሪፍ ነው” አለችና ስልኳን አነሳች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ቅር ብሎኝ አደርኩ፤ እህቴን አውቃታለሁ፣ ለፍቅር ፊልም ልቧ ደንዳና አይደለም።

በማግስቱ ብቻዬን ሆኜ መልሼ ስከፍተው ገባኝ። ዘፋኞቹ የሉም! ጊታሩ አለ፣ ቫዮሊኑ አለ፣ የሰው ድምፅ ግን ተኖ ጠፍቷል።

ፊልሙን ላያችሁ የገበያውን ቦታ ላስታውሳችሁ። የሚወዳት ሴት ጥላው ሄዳለች። እሱ ፖርቶቤሎ ጎዳና ላይ ባለው ገበያ መሃል ይራመዳል፣ ትንፍሽ አይልም። እየተራመደ ሳለ ዝናቡ ይመጣል፣ በረዶው ይወርዳል፣ ፀሐይ ትመለሳለች፤ እግሩ ሳይቆም ወራት ያልፋሉ። መጀመሪያ ላይ የምትታየው ነፍሰ ጡር መጨረሻ ላይ ሕፃን ታቅፋ ትታያለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሰማው የቢል ዊዘርስ ኤይንት ኖ ሰንሻይን ነው። ዊዘርስ ዘፈኑን በ1971 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። መሃል ላይ “አውቃለሁ” የሚለውን ቃል 26 ጊዜ ይደጋግመዋል። እዚያ ቦታ ሌላ ግጥም ሊያስገባ አስቦ ነበር፣ አብረውት የነበሩት ሙዚቀኞች “እንዳለ ተወው” አሉት። ደግ አደረጉ። ከሚወደው የተለየ ሰው አዲስ ነገር አያወራም፣ ያንኑ ነው የሚያመላልሰው። ትዝታ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይሄ ግልጽ ነው፤ ሆድ የሚያባባው ያው ስንኝ ዞሮ ሲመጣ ነው። ያንን ድምፅ አውጥታችሁ ስታዩት የሚቀረው አንድ ሰው አየሩ ሲለዋወጥ ገበያ ሲያቋርጥ ነው። እህቴ ያየችው እሱን ነው።

የአትክልት ቦታውም እንደዚያው። ልጁ ፊልሙን ሙሉ ሲርበተበት፣ ሲያወራ፣ ያወራውን ሲያርም ነው የሚውለው። ማታ አጥሩን ዘለው ከገቡ በኋላ ግን ዝም ይላሉ፣ ሮናን ኪቲንግም ዌን ዩ ሰይ ናቲንግ አት ኦልን ይጀምራል። ዘፈኑ ከእሱ በፊት የነበረ ነው፤ ኪዝ ዊትሊ የሚባል የአሜሪካ የካንትሪ ዘፋኝ በ1988 እ.ኤ.አ. ተጫውቶት ነበር። መልእክቱ ዝምታሽ ከንግግር ይበልጥብኛል ነው። ፊልሙ ይህን ዘፈን ሁለቱ ዝም ባሉበት ሰዓት ማስገባቱ ሁሌም ይደንቀኛል። ሰብታይትሉ እዚህ ቦታ ላይ ምንም የሚጽፈው የለውም፤ ዘፋኙ ከሌለ ትዕይንቱም የለም።

ባለቤቴ ከሁሉም ኤልቪስ ኮስቴሎ የተጫወተውን ሺ (“እሷ”) የሚለውን ዘፈን ያስበልጣል። የቀድሞው የሻርል አዝናቩር ነው፣ የ1974 እ.ኤ.አ.። ለእኔ ትንሽ ስኳሩ ይበዛብኛል፤ እሱ ግን ስለ ሠርጋችን የሚነግረኝ ነገር ስላለው አልከራከረውም። መጨረሻ ላይ ጓደኛሞቹ መኪና ውስጥ ታጭቀው ሲበሩ የሚሰማው ጊሚ ሰም ላቪን ደግሞ ያለ ዘፋኙም በኦርጋኑና በከበሮው ይጓዛል፤ ያን ቀን እንኳን ያልተጎዳው እሱ ብቻ ነበር።

አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ ከፍቶ እንኳን ሳያየው “ዘመኑ አልፎበታል፣ አዲስ ግዢ” አለኝ። ልገዛ ዋጋ እየጠየቅሁ ሳለ ጎረቤታችን ናቸው “ጋሼን ሳታሳዪማ እንዳትገዢ” ያሉኝ።

ጋሼ እንደሌላው ሰው ስለ ሞዴሉ አልጠየቁኝም። “ምን ስትሰሙ ነው የጎደለባችሁ?” አሉኝ። ፊልም ነው ስላቸው ትንሽ አፍሬ ነበር፣ እሳቸው ግን “እስቲ የምታውቂውን ቦታ ክፈቺልኝ ልጄ። የጎደለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እኔ እኮ ዛሬ መስማቴ ነው” አሉ። የገበያውን ቦታ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ትተው ከላፕቶፑ የሚመጣውን ቀጭን ኬብል ያዙ፤ ጃኩ (ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ) አንገት ላይ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ቀስ አድርገው አጎበጡት። ቢል ዊዘርስ ድንገት ክፍሉ ውስጥ ገባ። ለቀቁት፣ ጠፋ። መልሰው አጎበጡት፣ መጣ። “ይኸውልሽ” አሉኝ።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝም አልተቻኮሉም። የዘፋኙም የተዋናዩም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝና በግራ ስፒከር እኩል እንዲወጣ ነው የሚሠራው፤ መሣሪያዎቹ ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይከፋፈላሉ። ኬብሉ ውስጥ ሦስት መስመር አለ፤ የቀኝ፣ የግራና ሁለቱ የሚጋሩት ግራውንድ። የጋራው ሽቦ ሲበጠስ በሁለቱም በኩል እኩል የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋና ልዩነቱ ብቻ ይቀራል። የእኛም አምፕሊፋየር ምንም አልሆነም ነበር። ሽቦው የተበጠሰው ጃኩ ውስጥ ነው፣ ላፕቶፑ ጎን ሁልጊዜ ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ።

የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉ፣ ሽቦዎቹን ልጠው በአዲስ ጃክ በየዱት፣ አንገቱንም እንዳይታጠፍ ጠቀለሉት። እግረ መንገዳቸውን የአንዱ ስፒከር ዙሪያ ፎም ማርጀቱን አይተው አሳዩኝ። ቀይሩልኝ ብላቸው “አሁን አያስቸኩልም፣ መንተፍተፍ ሲጀምር አምጪው” ብለው እምቢ አሉ። ገንዘብ ልከፍል ኪሴ ውስጥ እጄን ያስገባሁ ሰው ነኝ እኮ! የተቀበሉኝ የጃኩንና የእጃቸውን ብቻ ነው፤ አሞራ ገደል ለሁለት ሰው ዓሣ በልተን ከምንከፍለው ያነሰ።

ሥራቸውን ለማረጋገጥ ከራሳቸው ፍላሽ የሙላቱ አስታጥቄን የከርሞ ሰው ከፈቱ። ይሄ ዜማ ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. በሠራው ብሮክን ፍላወርስ ውስጥ እንዳለ፣ ቢል መሪ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መኪና ሲነዳ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠውን የሙላቱን ሙዚቃ እንደሚሰማ ነገርኳቸው። አላዩትም ነበር። “ለረጅም መንገድ ሙላቱን የመረጠ ሰው ጆሮ አለው” አሉና ድምፁን ጨመሩት። ፊልሙን በፍላሽ ወስጄላቸዋለሁ።

እህቴ ዲላ ከመመለሷ በፊት ኖቲንግ ሂልን ደግመን አየነው። መጀመሪያ “አየሁት እኮ” ብላ ነበር። አትክልት ቦታው ላይ ስትደርስ ስልኳን ገለበጠችው። ገበያው ላይ ደግሞ ባለቤቴ ለሻይ ሊነሳ ሲል እጁን ይዛ አስቀመጠችው። ሲያልቅ የጠየቀችኝ ስለ ተዋናዩ ሳይሆን “ያ ‘አውቃለሁ አውቃለሁ’ የሚለው ማን ነው?” ብላ ነው። አሁን ስልኳ ላይ አለ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አንድ ጃክ ብቻ ቀይሬያለሁ ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ግን ሙሉ ፊልም ነው የመለሱልን።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ንግግሩና ዘፋኙ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ የሚሰማችሁ ከሆነ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኬብሉን ጃኩ ጋ ነካ ነካ አድርጋችሁ አዳምጡ። ወደ ጋሼ ስትሄዱ ኬብሉንም ጨምራችሁ ውሰዱ፣ አምፕሊፋየሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ችግሩን ቤት ትቶ ሊሄድ ይችላል። በደንብ የምታውቁት ዘፈን ወይም ፊልምም ያዙ፣ በእሱ ነው የሚፈትሹት። ሰው ስለሚበዛባቸው ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።