ከ14 ወር ላቴክ በኋላ፦ የ412 ገጽ የአማርኛ መጽሐፍ ትዝታ

ላቴክን የጫንኩት ተናድጄ ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ማሠልጠኛ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነበር። 160 ያህል ሥዕል አለው፤ ከ70 በላይ ሠንጠረዥ። በለመድኩት የቢሮ ፕሮግራም ምዕራፍ 6 ድረስ ሄድኩ። አንድ ቀን መሀል ላይ አንድ ሥዕል ሳስገባ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ቦታቸውን ለቀው ተበታተኑ። በዚያው ሳምንት ገምጋሚዎች «ምዕራፍ 4ን ወደ 7 ውሰደው» አሉኝ። «ሥዕል 4.3ን ይመልከቱ» እያልኩ በእጄ የጻፍኩት ስንት ቦታ እንደሆነ ራሴም አላውቅም ነበር።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ላቴክ ላይ የምትጽፉት ተራ ጽሑፍ ነው። «ይሄ ምዕራፍ ነው፣ ይሄ ሥዕል ነው» ብላችሁ በምልክት ትነግሩታላችሁ። መልኩን አንድ ቦታ ላይ ትወስናላችሁ፤ እሱ ፒዲኤፍ ያወጣል። መሠረቱ ቴክ የሚባል ፕሮግራም ነው። ዶናልድ ክኑዝ የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ የራሱ መጽሐፍ የፊደል አደራደር አላምር ቢለው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቁጭ ብሎ ሠራው። ሌስሊ ላምፖርት ደግሞ በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ላይ ገነባ። እንግዲህ የተናደድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ሙሉ ጥቅሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ አይሞከርም። እኔ ከጓደኛዬ በፍላሽ ገለበጥኩ። ከተጫነ በኋላ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራ አይቆምም።

አማርኛ ለመጻፍ ከላቴክ ዓይነቶች ዚላቴክን ወይም ሉአላቴክን ውሰዱ። ሁለቱም የኮምፒውተራችሁን ፎንት በቀጥታ ያነባሉ። እኔ በዚላቴክ ጀምሬ በሦስተኛው ወር ወደ ሉአላቴክ ዞርኩ። ምክንያቱ መስመር ውስጥ በቃላት መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዳይነካካባቸውም» የመሰለ ቃል መስመሩ ላይ አልበቃ ሲለው ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይ የቀሩት ቃላት በሁለቱም ጠርዝ እኩል ለመሆን ሲሉ ይራራቃሉ። ገጹ መሀል ላይ ነጭ ቦይ የተቆፈረበት ይመስላል። ላቴክ መስመሩን ብቻ ሳይሆን አንቀጹን በሙሉ አይቶ ነው የሚቆርጠው። ሉአላቴክ በዚያ ላይ የፊደሎቹን ስፋት ዓይን በማያየው መጠን ሊለጥጥና ሊያጠብ ይችላል። ቦዩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ለማየት ፈልጎ ማየት ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ የጥንቱ የብራና ጸሐፊ ይህ ችግር አልነበረበትም። መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን የትም ቆርጦ ያለ ምንም ሰረዝ ወደ ታች ይቀጥላል። ላቴክ ይህንኑ የሚያደርግ የግዕዝ ፊደል መቁረጫ ደንብ አለው። ሞከርኩት። «ኤሌክት» ከላይ፣ «ሪክ» ከታች ሆኖ ሲመጣ ሁለት ተማሪዎች የፊደል ግድፈት መስሏቸው አከበቡበት። አጠፋሁት።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ግን ላቴክ አይደለም፤ የራሴው ጽሑፍ ነው። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት የጻፍኩበት ቦታ ስፍር ቁጥር የለውም። ስክሪን ላይ አይለይም። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ «፡» ከላይ፣ አንዱ ከታች ሊቀር ይችላል። ከ«።» በፊት ክፍት ቦታ የመተው ልማድም አለን፤ ውጤቱ በአራት ነጥብ የሚጀምር መስመር ነው። የሥራ ባልደረባዬ የሰጠኝ ሁለት ምዕራፍ ደግሞ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበረው ዓይነት ፎንት የተጻፈ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሰዉ ግን አሁንም የድሮውን ፋይል ይዞ ይመጣል። ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ብቻ ቀረ። ጽዳቱ ብቻ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የቃላት መጠቁሙም (ቃላትን ከነገጻቸው በፊደል ተራ የሚዘረዝረው ክፍል) እንዲሁ አጋለጠኝ። የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ነውና «ኃይል» በየገጹ አለ። እኔ «ኃይል»፣ «ሀይል» እና «ሃይል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ኮምፒውተሩ ለሦስቱም የየራሳቸውን ቦታ ሰጣቸው፤ ሁለቱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ከ«በ» እና ከ«ተ» በኋላ። ልክ ነው፣ ምን ይበል?

ፎንት ላይ ተጠንቀቁ። ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ደማቅ ቅርጽ የላቸውም፤ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። የቢሮ ፕሮግራሞች አስመስለው ስለሚያወፍሩት አናስተውልም፤ ላቴክ ካላዘዛችሁት አያስመስልም። ርዕሶቼ ሁሉ ቀጭን ሆነው ሲወጡ ግራ ገባኝ። ኖቶ ሰሪፍ የኢትዮጵያ ፊደልን ስወስድ ተፈታ፤ ብዙ ውፍረት አለው።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ኮድ ያለበት ገጽ ላይ የአማርኛ ማብራሪያዬ ጠፋ። የተመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል አልነበረውም፤ ላቴክ ፊደሎቹን ዘሎ አለፈ። ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ግን ማን ያነበዋል? በሺህ የሚቆጠር መስመር ባለው የመዝገብ ፋይል ውስጥ ተቀብሯል። አሁን የጎደለ ፊደል ሲያገኝ እንዲቆም አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ይህን የመጀመሪያ ቀን አድርጉት።

ኪቦርድ መቀያየሩ አሁንም ያናድደኛል። ትእዛዙ በላቲን፣ ጽሑፉ በአማርኛ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጊዜ ወዲያ ወዲህ። የስህተት መልእክቶቹም እንቆቅልሽ ናቸው። አንድ ቅንፍ ረስታችሁ ከ40 መስመር በታች ያለ ሌላ ነገር ይወቅሳል።

ምዕራፍ 4ስ? አንድ መስመር ቆርጬ ከ7 በታች ለጠፍኩ። ቁጥሮቹ፣ ማውጫው፣ «ይመልከቱ» የሚሉት ሁሉ ራሳቸውን አስተካከሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያን ቀን ለባለቤቴ ጠርቼ አሳየኋት፤ «እና ምን ይጠበስ?» አለችኝ።

አርታዒዬ ላቴክ አይከፍትም፤ አይጠበቅበትምም። ፓንዶክ በሚባል የፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዎርድ ቀይሬ እልክለታለሁ፤ እርማቱን እያየሁ በእጄ እመልሳለሁ። አሰልቺ ነው። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ምንም አልጠየቀኝም፤ ፎንቱ ውስጡ ያለ ፒዲኤፍ ሰጠሁት፣ ተቀበለ። ለጥራዙ የውስጥ ህዳጉን 5 ሚሊ ሜትር አስፋ ሲሉኝ አንድ ቁጥር ቀይሬ መጽሐፉን በሙሉ በዚያው ከሰዓት መለስኩላቸው።

ታይፕስትንም ለአንድ ወር ይዤው ነበር። እንደ ላቴክ ከተራ ጽሑፍ ፒዲኤፍ የሚያወጣ፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የተከፈተ አዲስ መሣሪያ ነው፤ አንዲት ትንሽ ፋይል ብቻ ነው የሚወርደው። የእኔ መጽሐፍ በላቴክ ለማለፍ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ታይፕስት የሞከርኩበትን ምዕራፍ እየጻፍኩ እያለ ነው የሚያሳየኝ። ሲሳሳትም የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በሰው ቋንቋ ይነግረኛል። ግን የስሪት ቁጥሩ ገና ከ0 አልወጣም፤ በየስሪቱ የሚለወጥ ነገር አለ። ለአሥር ዓመት እየታረመ የሚታተም መጽሐፍ በሱ ላይ ለመጣል አልደፈርኩም።

ባለፈው ወር የ60 ገጽ የጥገና መመሪያ ጀምሬያለሁ፤ እሱን በታይፕስት ነው የምሠራው። የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ግን ላቴክ ላይ ነው፤ «ኃይል»ም አሁን በሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ነው።