ለትንኝ ብር ከማውጣታችሁ በፊት፦ መሣሪያ፣ ዱቄት፣ ክዳን ወይስ ወንፊት?

ባለፈው ወር ብቻ ስድስት ሰዎች ደውለው «ያ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ በድምፅ ያባርራል የሚባለው የትንኝ ማባረሪያ ይሠራል ወይ? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ጠይቀውኛል። ይቅርባችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። የመጀመሪያው 1,450 ብር ነበር። አልሠራ ሲለኝ «ያ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፤ ኦርጅናሉ ይህ ነው» ተብዬ ሁለተኛውን በ1,900 ብር ጨመርኩ። በድምሩ 3,350 ብር መሆኑ ነው። በዚያ ገንዘብ የግቢዬን የውኃ ዕቃ በሙሉ ከድኜ ለጎረቤትም ይተርፈኝ ነበር፤ ሒሳቡን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የባለቤቴ ወንድም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሁለቱንም ፈታልኝ። በመጀመሪያው ውስጥ ትንሽ ድምፅ አውጪ ተበይዳለች። «ኦርጅናል» በተባለው ውስጥ ግን ሰማያዊ አምፖልና አምፖሏን የምታበራ ሰሌዳ ብቻ ነበሩ፤ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ጭራሽ የለውም። ቢኖረውም ለውጥ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) የጥናቶች ግምገማ በመስክ የተደረጉ 10 ሙከራዎችን መርምሮ፣ መሣሪያው ሲሠራም ሲጠፋም ሰው ላይ በሚያርፉት ትንኞች ቁጥር ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ እውነተኛውን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቱ፤ እውነተኛ የሚባለውም አያባርርም።

ወይን ጠጅ ብርሃን እያበራ በኤሌክትሪክ የሚገድለውም ቤቴ ገብቶ ነበር፤ 2,800 ብር። ሌሊቱን ሙሉ ጠሽ ጠሽ ሲል ሥራ የሚሠራ ይመስላል። አንድ ጠዋት ትሪውን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ ቆጠርኩ፦ የእሳት ራት፣ ጥንዚዛ፣ ክንፋቸው የረገፈ ምስጦች፣ ትንኝ ደግሞ ሁለት። በአሜሪካ ደላዌር ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናትም ከእኔ ወረቀት ብዙም አይርቅም። እንዲህ ባሉ መብራቶች ከተገደሉ 13,789 ነፍሳት ውስጥ የሚነክሱት 31 ብቻ ነበሩ። በሰባተኛው ወር አምፖሉ ተቃጠለ፤ መለወጫው 450 ብር ተባልኩ፤ ተውኩት።

እነዚህ ሁሉ የሚያሳድዱት በራሪውን ነው። የእኛ ትንኝ ግን የሚፈለፈለው እዚያው ቤታችን፣ ከምንጠጣው ውኃ ውስጥ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ግቢ አላውቅም። የቻለ ሮቶ ይሰቅላል፤ የድሮ ቤቶች የሲሚንቶ ገንዳ አላቸው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉኒያን አይታለች፤ ሁለቱም ትንኝ የምታመጣቸው የትኩሳት በሽታዎች ናቸው። እናቴ ከቺኩንጉኒያው በኋላ ለወራት ከአልጋዋ ስትነሳ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ያንን ያየ ሰው ስለ ትንኝ በቀላሉ አያወራም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባለው፣ እግሯ በነጭና በጥቁር የተዥጎረጎረው ትንኝ ናት። የምትነክሰው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር አያግዳትም። በዚህ ላይ አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች የወባ ትንኝ ናት። እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በበጋ የተነሳው በእርሷ ምክንያት ነው። ዝናብ ስለሌለ ትንኝ የለም የሚለው የአባቶቻችን ስሌት እኛ ጋ አይሠራም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በነጭ ሳህን ከበርሜላችሁ አፍ ውኃ ቅዱ። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ ጥላችሁ ካረፈበት እጮቹ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጡት የትንኝ ትሎች፣ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ሳህኑን አስቀምጣችሁ ታገሡ። ከውኃው ፊት በጅራቱ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች የደፋ ካያችሁ ኤዴስ ወይም ተራዋ ትንኝ ናት። ከውኃው ፊት ጋር ተስተካክሎ እንደ ስንጥር የተጋደመው ደግሞ የወባዋ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳህን አግኝቻለሁ፤ ልጆቼ በዚያው ጠዋት ፊታቸውን ከታጠቡበት በርሜል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ከዱቄት ልጀምር። ቴሜፎስ የሚባለው፣ የጤና ባለሙያዎች በንግድ ስሙ «አቤት» የሚሉት፣ እንደ አሸዋ የደቀቀ መድኃኒት እጭ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው መጠን በሊትር ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። አንድ በመቶ መድኃኒት ያለው ዱቄት ከሆነ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ማለት ነው። የጤና ሠራተኛ ቤታችሁ መጥቶ ለክቶ ከጨመረው እሰየው፤ ዋጋውም ባዶ ነው። እኛ ግን በየሁለት ቀኑ ቀድተን ስለምንሞላ መድኃኒቱ ሳስቶ ያልቃል። ከገበያ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን ግን በምንም ዋጋ አትንኩ። ጎረቤቴ በ120 ብር ገዝታ ሮቶዋ ውስጥ ጨመረች፤ ሽታው ቁርጥ የበረሮ መርዝ ነበር። 1,000 ሊትር ውኃ ደፋን፤ ጀሪካኑ በ15 ብር ሲሰላ 750 ብር መሬት ጠጣው። ዕቃውን ለማጠብ ሌላ ውኃ ገዛን። መለያ የሌለው ዱቄት የልጆች መጠጥ ውስጥ አይገባም፤ በዚህ አልደራደርም።

ከዱቄቱ ይልቅ የምወደው ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ፣ ኔጌቭ በረሃ ላይ ከቆመ ውኃ የተገኘ ነው፤ እጭ ሲበላው ይሞታል፤ ሰውንና ከብትን አይጎዳም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደ ቀለበት ዳቦ መሐሉ የተበሳውን የቢቲአይ ጥፍጥፍ አምጥታልኛለች፤ ስድስት ፍሬ በ13 ዶላር ገዝታው ነበር። አንዱ 30 ቀን ይቆያል፤ ቆርሶ መጠቀምም ይቻላል። ነገር ግን መለያውን አንብቡ፤ ይህ ዓይነቱ ለሰው መጠጥ በተቀመጠ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ ተጽፎበታል። እኔ ለፍየሎቹ ገንዳ ብቻ አደረግሁት። ደግሞም እጩ ጎብጦ እንደ መንጠቆ ከሆነ በኋላ አይመገብም፤ ስለዚህ በነገው ቀን የሚበረውን አይገድለውም። ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካላችሁ ጥሩ፤ ለዚህ ብላችሁ ግን ዶላር አትፈልጉ።

ዓሣም አለ። በሲሚንቶ ገንዳ ትናንሽ ቆሮሶ የለቀቀ ጓደኛ አለኝ፤ እጭ ለቅመው ጨርሰውለታል። በረኪና በጨመረ ቀን ግን ሁሉም ተገልብጠው አደሩ። ውኃችሁን በክሎሪን የምታክሙ ከሆነ አይሆንም።

እንግዲህ ክዳን። ለ200 ሊትር በርሜል ቀጭኑ የፕላስቲክ ክዳን 650 ብር፣ ቀለበት ያለው ወፍራሙ 1,100 ብር ገዝቼ ሁለቱንም አይቻለሁ። ቀጭኑ በድሬዳዋ ፀሐይ ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ምጣድ ጆሮ ተነሳ፤ በአንድ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈተ። ወፍራሙ ጠንካራ ነው። ችግሩ ክዳኑ አይደለም፤ በቀን አሥር ጊዜ መነሳቱ ነው። የሚቀዳው ሰው አንስቶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚያው ይረሳዋል። መፍትሔው ከበርሜሉ ታች ቧንቧ ማስገባት ነው። ቧንቧው 420 ብር፣ የሠራተኛ 300 ብር፣ በድምሩ 720 ብር አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ላዩን የሚከፍተው ሰው የለም። ቧንቧውን ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ አድርጉት፤ በርሜሉንም ድንጋይ ላይ አቁሙት፤ አለበለዚያ ባልዲ አይገባበትም።

አሁን የማደላለትን ልናገር፦ በበርሜሉ አፍ ላይ የሚወጠር፣ ዙሪያው በላስቲክ የተሰፋ ወንፊት። የወንፊት ጨርቅ ቀፊራ ገበያ በሜትር 180 ብር ገዛሁ፤ ላስቲክ 40፣ ልብስ ሰፊ 60፣ በድምሩ 280 ብር። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለወር ሲካፈል 12 ብር አይሞላም። በርካሹ በ90 ብሩ ናይሎን የሰፋሁት ደግሞ ከላስቲክና ከስፌት ጋር 190 ብር ወስዶ በአራተኛው ወር እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ። በወር 47 ብር ተኩል መሆኑ ነው። ረከሰ ብለን የገዛነው አራት እጥፍ ተወደደ። ለድምፅ መሣሪያዎቹ በከፈልኩት 3,350 ብር አሥራ አንድ በርሜል ይከደን ነበር፤ እኔ ያሉኝ ሁለት ናቸው።

ናይሎኑና ደህናው በዓይን አይለዩም፤ ሻጩም «ሁሉም አንድ ነው» ይላችኋል። ሁለት ፈተና አለኝ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ክብሪት አስጠጉት። ናይሎን ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ከመስታወት ክር የተሠራው ፋይበርግላስ ግን ሽፋኑ ይጠቁርና ክሩ እንዳለ ይቀራል፤ የምትፈልጉት ይህንን ነው። ቀጥሎ አንድ ጭብጥ ሰሊጥ በትናችሁበት ነቅንቁ። ሰሊጥ እንደ ልቡ የሚሾልክበት ወንፊት ትንኝም ያሳልፋል። አረንጓዴውን የጥላ መረብ የትንኝ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ሰሊጡ ሳይነካው ያልፋል።

ስፌቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአንድ በርሜል 85 በ85 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ ዙሪያውን አስከርክሙት፤ ላስቲኩ የሚገባበት እጥፋት ሁለት ጣት ይስፋ። ላስቲኩ በርሜሉን ቆንጥጦ መያዝ አለበት። ወንፊቱ ረግቦ ውኃውን ከነካ ሥራው ፈረሰ፤ ትንኟ ላዩ ላይ ቁጭ ብላ እንቁላሏን በቀዳዳው ትጥላለች። ስለዚህ በርሜሉን እስከ አፉ አትሙሉ፤ አንድ ስንዝር ተዉለት። ወንፊቱንና የታችኛውን ቧንቧ አንድ ላይ ብታደርጉ ልክ 1,000 ብር ነው። ወፍራሙን ክዳን ከቧንቧ ጋር ከመረጣችሁ 1,820 ብር ይሆናል፤ ትርፉ 820 ብር ምን እንደሚጨምርላችሁ እኔ አላየሁም፤ አቧራ የሚበዛበት መንገድ ዳር ካልሆናችሁ በቀር።

ሮቶ ያላችሁ «የእኛ ክዳን አለው» ትላላችሁ። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ክዳኔ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ እያለ ውስጡ በእጭ ተሞላ። የቧንቧ ሠራተኛው መሰላል ላይ ሆኖ ጠራኝ፦ «ጋሼ፣ ይህችን አልዘጋሃትም።» ውኃ ሲሞላ የሚፈስባት የትርፍ ቱቦ ናት፤ አፏ እንደ በር ወለል ብሏል። መዳፍ የምታክል ወንፊት በሽቦ አስሮ ዘጋት፤ ቁራጭ ስለነበረኝ የከፈልኩት የእጁን 100 ብር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ለዚያች ቀዳዳ ሲባል ስንት ሺህ ብር መሣሪያ ላይ እንደጠፋ ቆጥራችሁታል። የሽንት ቤት ጉድጓዱ የአየር ቱቦ ጫፍም እንዲሁ ይታሰር።

ከድናችሁም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሥራ አይቀርም። በሙቀታችን እንቁላሉ በሳምንት ገደማ ትንኝ ይሆናል። በርሜሉ ሲያልቅ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ኤዴስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ደርቆም ወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። በ80 ብር ቡርሽና በሳሙና ግድግዳውን ፈትጉት። የእኛ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እንቁላሉ ቅርፊቱ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ክንዳችሁን ሳትቆጥቡ ፈትጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ትንኝ ከቀጠለ ማቀዝቀዣውን ከግድግዳ አላቁና ጀርባውን እዩ። በረዶው ቀልጦ የሚጠራቀምባት ጠፍጣፋ ትሪ አለች። እኔ ያየሁት ውኃዋ ሁለት ጣት ሞልቶ፣ እጩ ሞተሩ ሙቀት ላይ ሲርመሰመስ ነው።