ማሳይ ማራ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ይህን ሹፌር ልጠቁማችሁ

ናይሮቢ የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ማራ፣ ያ የኬንያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነሐሴ ላይ ይዣት ሄድኩ። የወሰደን ሹፌር የናሮክ ልጅ ነው፤ አስጎብኚያችንም እሱው ነበር። በሰው ፊት ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። እናቴ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ እሺ አላለኝም። ወተትስ? እንቁላልስ? እስከ ስንት ሰዓት ነው የማትበላው? ሁሉንም ጠይቆ ካምፑ ድረስ ደወለና ለወጥ ቤቱ ነገረልን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስንደርስ ባቄላ፣ ቻፓቲና በዘይት የተሠራ ሱኩማ ዊኪ ጠበቃት። "ይሄማ የኛው ጎመን ነው!" አለች፣ ደስ ብሏት።

ከናይሮቢ በማለዳ ተነስቶ፣ በማይ ማሂዩ ቁልቁለት ወርዶ፣ የናሮክን ከተማ አልፎ የማራ መግቢያ የሆነውን ሴኬናኒ በር ለመድረስ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ላንድ ክሩዘር ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ከወንበሩ ሥር ትንሽ የፕላስቲክ በርጩማ አለችው። በቆምን ቁጥር ቀድሞ ይወርድና በርጩማዋን አስቀምጦ ክንዱን ይሰጣታል። "ማማ፣ ፖሌ ፖሌ" ይላታል፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው በስዋሂሊ። እሷም በአማርኛ ትመርቀዋለች።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን አቦ ሸማኔዋ ጋ ነው። ግልገሎቿን ይዛ ሣሩ ውስጥ ተኝታለች። አምስት መኪና ቀድሞን ደርሷል። በማራ ደንብ ከአምስት መኪና በላይ በአንድ ጊዜ መጠጋት ክልክል ነው፤ ደንቡን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሹፌር ግን ሞልቷል። የኛው ራቅ ብሎ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። አቦ ሸማኔ የምታድነው በአብዛኛው በቀን ነው፤ መኪና ከከበባት አደኗ ይበላሻል፣ ልጆቿም ጾማቸውን ያድራሉ አለን። ስተረጉምላት እናቴ "እንኳን ጠበቀ፣ እሷም እናት ናት" አለች። ተራችን ሲደርስ ቀስ ብሎ ተጠጋ። አንዱ ግልገል የእናቱን ጅራት እየነከሰ ሲጫወት፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ድንኳን ማደሩ ትንሽ አስፈርቷት ነበር። ድንኳኑ አልጋም መታጠቢያም አለው፤ ከመሸ ያለ ጠባቂ መውጣት አይቻልም። እሱ ግን ገና ሳይመሽ ወንዙን አሳያትና "ሌሊት የሚያጓራው እዚህ ያለው ጉማሬ ነው፣ እንዳትደነግጪ በላት" አለኝ። ጸሎቷን አድርሳ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ሹራብ ያዙ፣ ጠዋት ይበርዳል። የሚጣል የፕላስቲክ ውሃ አትያዙ፤ በኬንያ ጥብቅ ስፍራዎች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ዊልደቢስት የሚባሉት ሣር በል የዱር እንስሳት በመንጋ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ በሚመጡበት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሆነ የምትሄዱት ደግሞ ቀደም ብላችሁ ያዙት፤ ያኔ እሱን ማግኘት ከባድ ነው።