ጣሊያን ውስጥ መኪና ለምትከራዩ፦ ርካሹ ዋጋ የሚወደደው በመረከቢያውና በመመለሻው ላይ ነው

ይህን የምጽፈው በሐምሌና በነሐሴ የዕረፍት ወራት ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከጀርመን ወይም ከኢትዮጵያ ወደ ጣሊያን መጥታችሁ በኪራይ መኪና አገሩን ለመዞር ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው። በአስያዥ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት «በቀን 9 ዩሮ» የሚል ዓይነት ዋጋ ሐሰት ነው አልልም፤ ሆኖም በዚያ ዋጋ መኪና ተረክቦ፣ ሳይጨምር መልሶ የተገላገለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚወጣው መኪናውን በምትረከቡበትና በምትመልሱበት ቦታና ሰዓት ሰበብ ስለሆነ፣ ሆቴልም ሆነ የጉብኝት ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት መወሰን ያለበት ይኸው ነው።

ከፍራንክፈርት መጥተው ሮም እኛ ዘንድ የሰነበቱ ዘመዶቼ የደረሰባቸው ነገር ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ተረክበው ፍሎረንስ መሃል ከተማ በሚገኝ ቅርንጫፍ ለመመለስ ገንዘቡን አስቀድመው ከፍለዋል። ባንኮኒው ዘንድ ሲደርሱ ሠራተኛዋ በዋናው አሽከርካሪ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ጠየቀች። የሚነዳው ባልየው ነው፤ ክሬዲት ካርዱ ግን የሚስትየው ነበር። የባልየው ዴቢት ካርድ ተቀባይነት የሚያገኘው የድርጅቱን «ሙሉ ሽፋን» የተባለ ኢንሹራንስ ከገዙ ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው፤ የሽፋኑ የቀን ዋጋ ደግሞ ከመኪናው የቀን ኪራይ ይበልጥ ነበር። ሕፃን ታቅፈው፣ ሻንጣ ከበው፣ ከኋላቸው ሰልፈኛ እያጉረመረመ በታብሌት ላይ ፈረሙ። ፍሎረንስ የደረሱት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ቢሮው ከቀትር ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው። ቁልፉን በሩ ላይ ባለው ሳጥን ከተው ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዱ። ሰኞ ዕለት ቸርኬው ላይ ጭረት ተገኘ ተብሎ ከካርዱ ገንዘብ ተቆረጠ፤ «ሙሉ» የተባለው ሽፋን ጎማና ቸርኬን አይጨምርም ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ደግሞ ወደ ቅርንጫፉ ለመድረስ በነዱባቸው መንገዶች ምክንያት ከፍሎረንስ ማዘጋጃ ቤት የቅጣት ደብዳቤ መጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከውሉ ውጭ የተደረገ ነገር እምብዛም የለም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ሁሉም ነገር በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ዋጋውን በትልቁ ያሳየው ድረ ገጽ ግን አንዱንም አጉልቶ አላሳየም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ከተማ ክልል ነው። የጣሊያን ታሪካዊ ከተሞች መሃላቸው «ዞና ኤ ትራፊኮ ሊሚታቶ» በሚባል ክልል የታጠረ ነው፤ በአጭሩ «ዜታ ቲ ኤሌ» ይሉታል። ፈቃድ የሌለው መኪና ወደዚያ ሲገባ የሚያስቆም ፖሊስም ሆነ የሚዘጋ ብረት የለም፤ ካሜራ ታርጋውን ያነባል፣ በቃ። ምልክቱ ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ክብ ሲሆን ከጎኑ ወይም ከበላዩ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው «ቫርኮ አቲቮ» ሲል ብዙ እንግዳ መግቢያው ክፍት ነው ብሎ ያልፋል፤ ካሜራው እየሠራ ስለሆነ አትግቡ ማለት ነው። የፍሎረንስ ክልል በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ7:30 እስከ 20:00፣ ቅዳሜ ከ7:30 እስከ 16:00 ይሠራል፤ በሞቃቱ ወራት በአንዳንድ ሌሊቶችም ይጨመራል። በሚላኖ መሃል ያለው «አሬያ ቺ» ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ7:30 እስከ 19:30 ድረስ 7.50 ዩሮ የሚያስከፍል ክልል ነው። ሮም፣ ቦሎኛ፣ ፒዛና ሲዬናም የየራሳቸው ክልልና የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

የአንዱ መግቢያ ቅጣት ከ83 ዩሮ ይጀምራል፤ የመላኪያ ወጪም ይታከልበታል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ካሜራ ሥር ያለፈ ሰው ሁለት ቅጣት ሊደርሰው ይችላል። ደብዳቤው በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ለከፈለ 30 በመቶ ይቀነስለታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አከራዩ ድርጅት የአሽከርካሪውን ስምና አድራሻ ለማዘጋጃ ቤቱ ስላስተላለፈ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዩሮ የሚደርስ የአገልግሎት ክፍያ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ይህ ገንዘብ ቅጣቱ አይደለም። ቅጣቱን የከፈላችሁ መስሏችሁ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ ችላ ካላችሁ የሚከፈለው መጠን እያደገ ይሄዳል።

እንግዲህ መሃል ከተማ ያለ ቅርንጫፍ በአሥር ወይም በሃያ ዩሮ ረክሶ ስታገኙት ይህን ሁሉ አስቡ። አንዳንድ ድርጅቶች «ወደ ቢሯችን ለሚመጣ ደንበኛ ታርጋውን እናስመዘግባለን» ይላሉ፤ በኢሜይል በጽሑፍ ካልሰጧችሁ፣ በየትኛው መንገድ ገብታችሁ በየትኛው እንደምትወጡም ካላሳዩዋችሁ አትመኑት። ሆቴላችሁ በክልሉ ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ሆቴሎች ሻንጣ ለማውረድ ለሚገባ እንግዳቸው ታርጋውን ለማዘጋጃ ቤቱ ያስተላልፋሉ። እሱም ቢሆን ከመድረሳችሁ በፊት ተጠይቆና ተረጋግጦ ነው።

እኔ የምመክረው መኪና በከተማና በከተማ መካከል እንጂ በከተማ ውስጥ እንዳይያዝ ነው። ሮምን በእግርና በሜትሮ ጨርሱ፤ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዛችሁ ፍሎረንስ ግቡ፤ ፍሎረንስንም በእግር ካያችሁ በኋላ በትራም ቁጥር 2 ወደ ፔሬቶላ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳችሁ መኪናውን እዚያ ተረከቡ። ከዚያ ወደ ሲዬና፣ ወደ ሳን ጂሚኛኖና ወደ ሞንቴፑልቻኖ ገጠር ስትወጡ መኪናው በእርግጥ ይጠቅማችኋል። ስትጨርሱ ፒዛ አውሮፕላን ማረፊያ መልሱት፤ ከዚያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ «ፒዛ ሙቨር» የሚባለው ባቡር በአምስት ደቂቃ ያደርሳችኋል። ጉዟችሁ የሚያበቃው ቬኔዚያ ከሆነ፣ መኪና የሚገባው ከተማውን ከየብስ በሚያገናኘው ድልድይ መጨረሻ እስካለው ፒያሳሌ ሮማ አደባባይ ድረስ ብቻ መሆኑን እወቁ፤ አከራዮች እዚያው ቢሮ አላቸው፤ ማርኮ ፖሎ አውሮፕላን ማረፊያ መመለስም ይቻላል። መኪናውን መልሳችሁ ከተማው መግባት እንጂ፣ በየቀኑ የማቆሚያ እየከፈላችሁ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ከሮም ወደ ኡምብሪያ ለምትሄዱ ደግሞ በባቡር ኦርቪዬቶ ድረስ ሄዶ ጣቢያው አካባቢ መከራየት ከሮም ትራፊክ ያድናል፤ ነገር ግን የትንንሽ ከተሞች ቢሮ መኪናውም ሠራተኛውም ጥቂት ነው።

የትንንሾቹ ቢሮዎች ሰዓት ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ብዙዎቹ ከ12:30 እስከ 15:00 አካባቢ ለምሳ ይዘጋሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድም አይከፍቱም። በኦገስት አጋማሽ ላይ የምትመጡ ደግሞ ኦገስት 15 የአገሪቱ ሕዝባዊ በዓል መሆኑን አትርሱ። ኪራይ የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው፤ 10:00 ላይ ተረክባችሁ በመጨረሻው ቀን 12:00 ላይ ብትመልሱ የአንድ ሙሉ ቀን ሂሳብ ሊጨመርባችሁ ይችላል። ቢሮ ተዘግቶ ቁልፍ በሳጥን መጣል ሲፈቀድም፣ በብዙ ውሎች መኪናው ሠራተኛ መጥቶ እስኪያየው ድረስ በእናንተ ኃላፊነት ሥር ይቆያል። እስከዚያው ሌላ መኪና ቢገጨው የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሰው በሚገኝበት ሰዓት መልሱ፤ ጉዳት የለም የሚል ወረቀት ተቀብላችሁ ብቻ ሂዱ። በረራችሁ ዘግይቶ ከሥራ ሰዓት ውጭ የምትረከቡ ከሆነም ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ስታስይዙ የበረራ ቁጥራችሁን ካልሰጣችሁ ደግሞ «አልመጡም» ተብሎ መኪናው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

በአንድ ከተማ ተረክቦ በሌላ ከተማ መመለስ ራሱ ክፍያ አለው። በጣሊያን ከተሞች መካከል አንዳንዴ ነፃ ነው፣ አንዳንዴ ከመቶ ዩሮ ያልፋል፤ ሚላኖ ተረክባችሁ ሙኒክ ልመልስ ካላችሁ ግን ብዙ መቶ ዩሮ ሊሆን ይችላል። አስያዥ ድረ ገጾች ይህን ክፍያ «ባንኮኒው ላይ የሚከፈል» በሚለው ክፍል ውስጥ ስለሚያስቀምጡት፣ ያንን ክፍል ሳትከፍቱ ዋጋ አታወዳድሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ ኮሚሽን ከአምስት ትልልቅ አከራዮች ጋር ተነጋግሮ የማይቀሩ ክፍያዎች በሙሉ በማስያዣ ዋጋው ውስጥ እንዲካተቱ ቃል አስገብቷቸዋል፤ ነገር ግን ከአምስቱ ውጭ ያሉትም ሆኑ መካከለኛ አስያዦቹ በዚያ ቃል የገቡ አይደሉም።

ስለ ካርድና ስለ ኢንሹራንስ። በጣሊያን የኪራይ ዋጋ ውስጥ የግጭትና የስርቆት ሽፋን በአብዛኛው ይካተታል፤ ሆኖም «ፍራንኪጃ» የሚባል፣ ጉዳት ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ አለ፤ አንድ ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ማስያዣ ተብሎ በካርዳችሁ ላይ የሚታገደውም ይህንኑ ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ስለሚሆን፣ የካርዱ ጣሪያ ማስያዣውንም የጉዞ ወጪያችሁንም መቻል አለበት። ካርዱ የግድ በዋናው አሽከርካሪ ስም ይሁን፤ የቅድመ ክፍያ ካርድ ይዛችሁ ከአዲስ አበባ የምትመጡ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ለማስያዣ የሚቀበለው የለም ማለት ይቻላል። በፓስፖርቱና በካርዱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍም ይመሳሰል፤ አንዱ ላይ የአያት ስም ኖሮ ሌላው ላይ ሲጠፋ ባንኮኒ ላይ ክርክር ያስነሣል። ፍራንኪጃውን የሚመልስ ኢንሹራንስ አስቀድማችሁ ከሌላ ድርጅት ብትገዙ ባንኮኒ ላይ ከሚሸጠው በብዙ ይረክሳል፤ ነገር ግን አከራዩ መጀመሪያ ከካርዳችሁ ወስዶ፣ ኢንሹራንሱ በኋላ ይተካላችኋል እንጂ ማስያዣውን አያስቀርም።

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ፤ የጣሊያን ሕግ ይህን ወይም በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ ትርጉም ይጠይቃል። የሚሰጠው መንጃ ፈቃዱን ባወጣችሁበት አገር ነው፤ ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት አውጡት። ያለሱ መኪና የሚያስረክቡ አከራዮች መኖራቸው አያታልላችሁ፤ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ የሚቀጣው ድርጅቱን ሳይሆን አሽከርካሪውን ነው። በካምቢዮ መንዳት የማትችሉም አውቶማቲክ መሆኑን በግልጽ አስይዙ፤ እዚህ አገር ኪራይ ሲባል ካልተጠቀሰ በስተቀር ባለ ማርሽ ነው።

መኪናውን ስትረከቡ፣ ከማቆሚያው ሳትወጡ በቪዲዮ ዙሩት። አራቱን ቸርኬዎች ተጎንብሳችሁ በቅርብ አንሱ፤ የፊትና የኋላ ፓራውልቱን የታችኛውን ጠርዝ፣ የመስተዋቶቹን ጀርባ፣ የፊት መስተዋቱን፣ ጣሪያውን፣ የነዳጁን ጌጅና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አንሱ። ወረቀቱ ላይ ያልተመዘገበ ጭረት ካያችሁ ተመልሳችሁ አስመዝግቡ፤ «ትንሽ ነው፣ ግድ የለም» የሚል ቃል ስትመልሱ የሚያስታውስላችሁ ሰው አይኖርም። ስትመልሱም እንዲሁ አድርጉ። ነዳጅ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሳይሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀደም ብላችሁ ሙሉ፤ ደረሰኙን ያዙ፤ «ሰርቪቶ» የተጻፈበት ማሽን ሠራተኛ ስለሚቀዳላችሁ ሊትሩ ይወደዳል። በሚላኖ ሰሜን ያለው የፔደሞንታና መንገድ የክፍያ ዳስ የለውም፤ ታርጋ አንብቦ ያልፋል፤ በ15 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ካልከፈላችሁ ሂሳቡ በአከራዩ በኩል ተጨማሪ አዝሎ ይመጣል።

መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላ ውሉን፣ ቪዲዮውንና ደረሰኞቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት አስቀምጡ፤ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የትራፊክ ቅጣትን ለማሳወቅ ሕጉ 360 ቀናት ይሰጣል። ያላደረጋችሁት ጉዳት ቢቆረጥባችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ተቃወሙ፣ የጉዳቱን ፎቶና የጥገና ደረሰኝም ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በኖርዌይ ወይም በአይስላንድ የምትኖሩ ከሆነና ድርጅቱ ካልመለሰላችሁ፣ በየአገራችሁ ያለው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል ጉዳዩን በነፃ ይከታተልላችኋል፤ የጣሊያኑ አቻ ማዕከል ሮምና ቦልዛኖ ቢሮ አለው። አሜሪካ የምትኖሩ ክርክሩን በካርዱ ባንክ በኩል ክፈቱ፤ ባንኩ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ አጭር ስለሆነ ቆርጠው እንዳያችሁ ወዲያውኑ ይሁን።