ከካውንስል ታክስ ቢላችን ላይ የጎደለው መስመር

እንግሊዝ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ ስልክ ኩባንያው፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ምግብ ቤቱ አስተያየት እንጽፋለን። በየዓመቱ ማርች ላይ በራችን ስለሚገባው የካውንስል ታክስ (ለአካባቢያችን አስተዳደር፣ ማለትም ለካውንስሉ፣ የምንከፍለው የቤት ግብር) ቢል ግን ሲጻፍ አላየሁም። እኔ የሰፈራችንን አበሾች ደብዳቤ እያነበብኩ ስለማስረዳ የብዙ ሰው ቢል በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ቢሉን እንደ ማንኛውም አገልግሎት ልመዝነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልካሙን ላስቀድም። አከፋፈሉ ቀላል ነው፤ በአሥር ወር ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ከጠየቃችሁ ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ያደርጉላችኋል። ብቻውን የሚኖር ሰው 25 በመቶ ይቀነስለታል። የቤታችሁን «ባንድ»፣ ማለትም ታክሱ የሚወሰንበትን የዋጋ ደረጃ፣ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮድ አስገብታችሁ በነጻ ማየት ትችላላችሁ፤ የጎረቤታችሁንም ጭምር። ባንዱ የሚሰላው ቤቱ በኤፕሪል 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው፤ ትናንት የተሠራ ቤትም ቢሆን ያን ጊዜ እንደነበረ ተቆጥሮ ይገመታል። እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ግምቱ ታድሶ አያውቅም። ይግባኝ ማለት ነጻ ነው፤ ነገር ግን ባንዱ ከፍ ሊልም ስለሚችል አስባችሁበት ግቡ።

አሁን ወደ ቢሉ መሐል እንግባ። ለካውንስሉ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ እየተባለ ተዘርዝሯል። ከእያንዳንዱ ጎን ከአምናው በስንት በመቶ እንደጨመረ ተጽፏል። የእንክብካቤው መስመር ብዙ ሰው ያደናግራል። ለምሳሌ የካውንስሉ ድርሻ በጠቅላላው አምና 1,500 ፓውንድ ቢሆንና ከውስጡ የእንክብካቤው መስመር ከ180 ወደ 210 ቢያድግ፣ ቢሉ ላይ የሚታየው 2 በመቶ ነው። ሠላሳ ፓውንዱ የሚነጻጸረው ከ180ው ጋር ሳይሆን ከጠቅላላው 1,500 ጋር ስለሆነ ነው። ሕጉ እንዲህ እንዲጻፍ ያዛል፤ ማብራሪያውም በትንንሽ ፊደል አለ። ግን እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ይህን ከየት ብሎ ይረዳው?

አንዲት እናት ቢላቸውን ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ቆሻሻ የሚያነሡት በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተዘጋ። ታዲያ የጨመሩብኝ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። መልሱ ግን ቢሉ ላይ የለም፤ አንዱን ኮከብ የቀነስኩትም ስለዚህ ነው። ካውንስሉ የሚያወጣው ገንዘብ ከእኛ ታክስ ብቻ አይመጣም። ከማዕከላዊው መንግሥት የሚመጣ ድጎማ አለ፣ ከንግድ ቤቶች ግብር የሚደርሰው ድርሻም አለ። የእኛ ቢል የሚወጣውም የሚወርደውም በአብዛኛው ድጎማው በሚያደርገው ነው፤ እሱ ግን ቢሉ ላይ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

በሒሳብ እንየው። አንድ ካውንስል በዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል እንበል። ግማሹ ከካውንስል ታክስ፣ ግማሹ ከድጎማና ከሌላ ገቢ ይመጣል። መንግሥት ከድጎማው 5 ሚሊዮን ቢቀንስበት፣ አገልግሎቱን እንዳለ ለማቆየት ታክሱን 10 በመቶ መጨመር አለበት። ሕጉ ግን ሕዝበ ውሳኔ ሳይጠራ ከ2023 ወዲህ ለአብዛኞቹ እንክብካቤ ሰጪ ካውንስሎች ከ5 በመቶ በታች እንጂ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ከእኛ ይሰበስባል፣ የቀረውን ከአገልግሎት ላይ ይቆርጣል። የእኚያ እናት ቢል ጨምሮ ቤተ መጻሕፍታቸው የተዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ቅነሳው ደግሞ ትንሽ አልነበረም። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው ናሽናል ኦዲት ኦፊስ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2010–11 እስከ 2017–18 ድረስ መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠው ገንዘብ፣ የዋጋ ንረቱ ታስቦ፣ በ49.1 በመቶ ወርዷል ይላል። ጉዳቱም እኩል አልደረሰም። አብዛኛው ቤት ባንድ ኤ (ዝቅተኛው ደረጃ) በሆነበት ሰፈር ታክሱን አንድ በመቶ መጨመር የሚያስገባው ገንዘብ ትልልቅ ቤቶች ካሉበት ሰፈር በጣም ያንሳል። ድጎማ ሲኖር ይህን ክፍተት ይሞላ ነበር። ሲቀነስ የደሃው ሰፈር ካውንስል በድጎማ ላይ ይበልጥ ጥገኛ ስለነበረ ይበልጥ ተጎዳ።

በጣም የሚያንገበግበኝ በኤፕሪል 2013 የሆነው ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ታክሱን የሚከፍልለት ድጋፍ እስከዚያ ድረስ በማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚሸፈን አገራዊ ሥርዓት ነበር። ያን ጊዜ ለየካውንስሉ ተላለፈ፣ ገንዘቡም በ10 በመቶ ተቀንሶ መጣ። ጡረተኞች እንዳይነኩ ታዘዘ። እንግዲህ ቅነሳው የሚያርፈው ለሥራ በደረሱ ድሆች ላይ መሆኑ ነው። ብዙ ካውንስሎች ምንም ገቢ የሌለውንም ሰው ጥቂት በመቶ እንዲከፍል አደረጉ። ከፍሎ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን የክስ ማስጠንቀቂያ ይዞ ሲመጣ ፊቱን ማየት ከባድ ነው።

በሌላ በኩል ድጎማ የሰማይ መና አይደለም። በ1991 ከካውንስል ታክስ በፊት የነበረው፣ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ፖል ታክስ ሕዝቡን ባስቆጣ ጊዜ መንግሥት ለእያንዳንዱ ከፋይ 140 ፓውንድ እንዲቀነስ ድጎማ ጨመረ። ገንዘቡን ያመጣው ቫትን ከ15 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ አድርጎ ነው። ቢሉ ቀለለ፣ የገበያው ደረሰኝ ከበደ። በ2011–12 ደግሞ ታክሱን ላልጨመረ ካውንስል የ2.5 በመቶ ጭማሪ የሚያህል ድጎማ ተሰጠ። ቢላችን ባለበት ቆመ፣ ደስ አለን። ግን የዚያ ዓመት ጭማሪ ከመነሻው ስለቀረ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጭማሪ ሁሉ የተሰላው በዝቅተኛው ላይ ነው።

ስለ ስልክ አገልግሎታቸው ብዙ አልልም። ለእኔ ያነሡት ሰዎች ትሁት ነበሩ፤ ስለ ክፍያ ቀን ወዲያው ይመልሳሉ። ድጎማው ዘንድሮ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብዬ ስጠይቅ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። በድረ ገጹ ላይ ያለውን የበጀት ሰነድ ላኩልኝ፤ ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነበዋል?

ማንበብ ለምትፈልጉ ግን አቋራጭ መንገድ አለ። መንግሥት ለየካውንስሉ የሚሰጠውን ገንዘብ በታኅሣሥ ገደማ በረቂቅ፣ በፌብሩዋሪ ደግሞ በመጨረሻ መልኩ ያወጣል። ሰንጠረዡ ላይ የካውንስላችሁን ስም ፈልጉ። «ኮር ስፔንዲንግ ፓወር» (ካውንስሉ ለአገልግሎት ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የሚታሰበው ገንዘብ) የሚለው ድምር ጨመረ ቢባል አትቸኩሉ። እዚያ ድምር ውስጥ ካውንስሉ ያለ ሕዝበ ውሳኔ እስከሚፈቀድለት ጣሪያ ድረስ ታክስ ይጨምራል ተብሎ የታሰበው ገንዘብም አለበት፤ ማለትም ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣው። ድጎማውን ለብቻው የሚያሳየውን ዓምድ ከአምናው ጋር አስተያዩ።

እኔ የምጠይቀው ለካውንስሉም ለመንግሥትም ያው ነው። ቢሉ ላይ፣ ከፖሊሱና ከእሳት አደጋው መስመር በላይ፣ «ዘንድሮ ከመንግሥት ያገኘነው ይህን ያህል፣ አምና ያገኘነው ያን ያህል» የሚል አንድ መስመር ይታተም። እሱን ያየሁ ዕለት አራተኛውን ኮከብ እሰጣለሁ። አምስተኛውን ደግሞ ቤቶቹን ከ1991 ዋጋ ሲያላቅቁልን።