የኖርዊቿ ጁልያን ራእዮች፦ የፔንግዊን ክላሲክስ እትም

በመካከለኛው ዘመን ራእዮች ውስጥ ሕመምና መዘጋት (በዓት ዘግቶ መኖር) እንዴት ምሳሌ እንደሚሆኑ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ይህን የ1998 እትም ይያዝ። ጁልያን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች እንግሊዛዊት ባሕታዊት ናት፤ ራእዮቿን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በአጭሩ አንዴም በረጅሙ ጽፋቸዋለች። ኤሊዛቤት ስፒሪንግ ወደ ዘመናዊ እንግሊዝኛ የመለሰቻቸው አጭሩም (25 ምዕራፍ) ረጅሙም (86 ምዕራፍ) ጽሑፍ በአንድ ጥራዝ ይገኛሉ። ረጅሙን ብቻ የያዘ እትም በሁለቱ መካከል ያለውን ትልቅ ለውጥ ይሰውራል።

ንባቡ ከአጭሩ ይጀመር። ምዕራፍ 2 ላይ ጁልያን በ1373 ግንቦት፣ በ30 ዓመት ተኩሏ፣ ቀድማ የለመነችው ሕመም ያዛት። ከወገቧ በታች ሰውነቷ በድን ሆነ፣ ዐይኗ ፈዘዘ፣ ክፍሉ ጨለመ፤ የሚታያት ካህኑ ያቀረበላት መስቀል ብቻ ነበር። ምዕራፍ 10 ላይ እናቷ የሞተች መስሏት ዐይኗን ልትከድንላት እጇን ታነሣለች፤ ይህች እናት በረጅሙ የለችም። ብዙዎች ይህን የታመመችበትን ክፍል በዓቷ አድርገው ያነባሉ፤ ማስረጃ የለውም። ጁልያን በዓቷን የትም አትገልጽም፤ ዘግታ መኖሯን የሚናገረው በአጭሩ ራስጌ ያለው የ1413 ማስታወሻ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ምዕራፍ 51። የጌታና የአገልጋይ ምሳሌ በአጭሩ ጨርሶ የለም፤ ጁልያን ወደ 20 ዓመት ገደማ አሰላስላዋለች። አገልጋዩ የታዘዘውን ሊፈጽም ሲሮጥ ገደል ይገባል። ሰባት ሥቃዮቹን ትዘረዝራለች፤ ከሁሉ የከፋው ግን አጠገቡ ያለውን ጌታውን ዞሮ ማየት አለመቻሉ ነው። የአንዲት ሴት ሕመም የሰው ልጅ ውድቀት መልክ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ክፍል ይመስለኛል።

መዘጋትም ጥበት መሆኑ ይቀራል። በረጅሙ ምዕራፍ 6 ላይ ሥጋ በቆዳ፣ አጥንት በሥጋ እንደሚሸፈን እኛም በእግዚአብሔር ቸርነት ተከበናል ትላለች፤ ምዕራፍ 24 ላይ የክርስቶስ የጎኑ ቁስል የሚድኑትን ሁሉ የሚይዝ ሰፊ ስፍራ ነው። ከምዕራፍ 66 ጀምሮ ሕመሙ ተመልሶ ያየችውን ራእይ ቅዠት ነው እስከማለት ያደርሳታል፤ ቀጥሎ ግን ነፍሷን በልቧ መካከል እንደ ሰፊ መንግሥት ታያለች።

የእትሙ ጉድለት አቀማመጡ ነው። ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ተከታትለው ታትመዋል፤ የምዕራፍ ቁጥራቸው አይገጥምም፤ ማብራሪያውም መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ዕልባት ያስፈልጋል። በረጅሙ ምዕራፍ 1 የተዘረዘሩትን 16 ራእዮች በአጭሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ማድረግ ማነጻጸሩን ያቀልላል። ጁልያን የጻፈችበት የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ሙሉ ምንባብ ስለሌለው ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ዋትሰንና ጄንኪንስ በ2006 ያሳተሙት የዚሁ ምንባብ እትም ይታከልበት።